ትኩሳት ይዞት ለመጣ ታካሚ፦ የትኛውን ምርመራ ልዘዝ? የትኛውን መድኃኒት ልምረጥ?

በአገራችን ብዙ ጤና ጣቢያዎችና ክሊኒኮች ትኩሳት ላለበት ሰው የሚጻፈው የላቦራቶሪ ወረቀት ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፦ ብላድ ፊልም (ደሙ በማይክሮስኮፕ የሚታይበት)፣ ዊዳል (ለታይፎይድ)፣ ዌል ፌሊክስ (ለታይፈስ)፣ ሲቢሲ (የደም ሕዋስ ቆጠራ)፣ ሽንት፣ ሰገራ። ውጤቱ ሲመጣ ታካሚው «ታይፈስና ታይፎይድ አለብህ» ተብሎ ሁለት ሦስት ዓይነት መድኃኒት በፌስታል ይዞ ይወጣል። ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ሰው ላይ በአንድ ጊዜ የመገኘታቸው ዕድል እጅግ አነስተኛ ነው፤ ያንን ውጤት ያመጣው ብዙውን ጊዜ በሽታው ሳይሆን የምርመራው ዓይነት ነው።

ይህ ጽሑፍ በተግባር ልምምድ ላይ ላሉ የሕክምና ተማሪዎች ነው። ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት የቆየ፣ ምክንያቱ በግልጽ ያልታየ ትኩሳት ሲያጋጥም፣ ወባን፣ ታይፎይድን፣ ታይፈስንና የትኩሳት ግርሻን (ሪላፕሲንግ ፊቨርን) ለመለየት ያሉትን ምርመራዎችና መድኃኒቶች ያነጻጽራል። የምንመዝንበት ሚዛን አንድ ነው፦ ውጤቱ ፖዘቲቭም ሆነ ኔጌቲቭ ሲመጣ የምታደርጉት ነገር ይለወጣል ወይ? በዚህ ሚዛን ብላድ ፊልም አንደኛ ይወጣል፤ በአንድ ስላይድ ሁለት በሽታ፣ ወባንና የትኩሳት ግርሻን፣ ያሳያልና። ዊዳል መጨረሻ ላይ ይቀመጣል።

ከላቦራቶሪው በፊት

መጀመሪያ የሚታየው ታካሚው እንጂ ወረቀቱ አይደለም። ተደግፎ እንኳ መቀመጥ የማይችል፣ የሚቀባዥር፣ ያንቀጠቀጠው፣ ትንፋሹ የፈጠነ፣ ደም ግፊቱ የወረደ ወይም የሚደማ ሰው የላቦራቶሪ ወረፋ አይጠብቅም። ደም ሥር ይከፈትለታል፣ የደም ስኳሩ ይለካል፣ ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለይ የደም ምርመራ) መውሰድ የሚቻል ከሆነ ይወሰዳል፣ ሕክምናው በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጀመራል። አንገቱ የደረቀ ወይም ንቃቱ የቀነሰ ታካሚ ላይ ወባ ቢገኝም ማጅራት ገትር ከሐሳብ አይወጣም። የምንኖረው በማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ነው፤ የወባ ጥገኛውም በብዙ ቆለኛ ደም ውስጥ ሕመም ሳያስከትል ሊገኝ ይችላል።

ታካሚው ከተረጋጋ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ጥያቄ ከብዙ ምርመራ ይበልጣል። ባለፈው አንድ ወር የት ነበር? አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ከከተማዋ ያልወጣ ሰው ላይ ወባ መጠርጠር ሌላ ማብራሪያ ይፈልጋል። ለአጨዳ ሁመራ ወይም መተማ ከርሞ የተመለሰ ሰው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ጥያቄውን በአንድ ወር ብቻ አትወስኑት። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዝርያ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ስለሚነሳ «ዓምና ወባ ታመህ ነበር? የ14 ቀኑን ክኒን ጨርሰሃል?» ብላችሁ ጠይቁ። የት ነው የሚያድረው? ብዙ ሰው በተጨናነቀበት መጠለያ፣ ማረሚያ ቤት፣ በረንዳ ወይስ በፀበል ሥፍራ? ከመምጣቱ በፊት ከመድኃኒት ቤት ምን ገዝቶ ወስዷል? የሁለት ቀን ሲፕሮፍሎክሳሲን የወሰደ ሰው ካልቸሩ ኔጌቲቭ ቢሆን አይግረማችሁ። የወባ መድኃኒቱን ኮአርተምን ግማሹን የዋጠም ስላይዱ ጥገኛ ላያሳይ ይችላል።

ከዚያ ልብሱን ገልብጡ። የሰውነት ቅማል የሚኖረው ቆዳ ላይ ሳይሆን በልብስ ስፌት ውስጥ ነው፤ የሸሚዙን ብብትና የሱሪውን ወገብ ስፌት በብርሃን ስታዩ ቅማሉም ቅጫሙም ይገኛል። ታካሚውን የሚያሳፍር ስለሚመስላቸው ብዙ ተማሪዎች ይህን ይዘሉታል። ነገር ግን የትኩሳት ግርሻንና የቅማል ታይፈስን ወደ ዝርዝራችሁ አናት የሚያመጣ ከዚህ የቀለለ ምርመራ የለም።

የትኩሳቱ አመጣጥም ይረዳል፤ ሆኖም የመማሪያ መጻሕፍቱ ሥዕል ሁልጊዜ አይገኝም። ወባ በየ48 ሰዓቱ ይመጣል የሚባለው ሕመሙ ሲቆይ እንጂ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትኩሳቱ ሥርዓት የለውም። ታይፎይድ ቀስ በቀስ፣ በቀናት እየጨመረ ይመጣል፤ ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ድርቀት ወይም ተቅማጥ አብሮት ይኖራል። የትኩሳት ግርሻ ድንገተኛ ነው፤ ሰውየው የጀመረበትን ሰዓት ሳይቀር ይነግራችኋል። ነስር፣ የዓይን ቢጫ መሆንና የሚያም ጣፊያ ካለ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ሳይታከም ከአምስት ስድስት ቀን በኋላ በላብ ይለቅና ሳምንት ገደማ አርፎ ይመለሳል። ታይፈስ ደግሞ የማይበርድ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ ሳልና መደናገር ያመጣል። በአምስተኛው ቀን አካባቢ ከደረትና ከሆድ የሚጀምረው ሽፍታ በጠቆረ ቆዳ ላይ በቀላሉ አይታይም፤ በመስኮት ብርሃን ፈልጉት።

አርዲቲ ወይስ ብላድ ፊልም?

አርዲቲ፣ ማለትም ፈጣኑ የወባ ምርመራ፣ የሚመረጠው ማይክሮስኮፕ ወይም የሠለጠነ ባለሙያ በሌለበት፣ በሌሊት ተረኝነትና በጤና ኬላ ነው። አምስት ማይክሮ ሊትር ደም፣ የራሱ ቡፈር፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ አለቀ። የሚበላሸውም በእነዚሁ ነገሮች ነው። ደሙ ሲበዛ ጀርባው ይቀላና ደብዛዛ መስመር አይታይም። ቡፈሩ ከሌላ ኪት ሲወሰድ ወይም በውኃ ሲተካ ሐሰተኛ መስመር ይወጣል። ካሴቱ ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ ከሰዓት በኋላ ሲነበብ ኔጌቲቩ ፖዘቲቭ ይመስላል። የመቆጣጠሪያው መስመር ካልወጣ ውጤት የለም ማለት ነው፤ «ኔጌቲቭ» ተብሎ አይጻፍም። ቆላ ውስጥ ያለ የቆርቆሮ መጋዘን የኪቱን የሙቀት ገደብ በቀላሉ ስለሚያልፍ ሳጥኑ የት እንደከረመም ጠይቁ።

ከአርዲቲ ጋር ሁለት ትልልቅ ችግሮች አሉ። አንደኛው፣ ኤችአርፒ 2 የተባለውን ፕሮቲን የሚፈልጉት ኪቶች ጥገኛው ከሞተ በኋላም ለሳምንታት ፖዘቲቭ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ከሦስት ሳምንት በፊት ለታከመ ሰው ፖዘቲቭ ኤችአርፒ 2 ምንም አይነግራችሁም፤ ሕክምናው ሠርቷል ወይስ አልሠራም ለማለት የሚያስፈልገው ብላድ ፊልም ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስባል። በአፍሪካ ቀንድ የኤችአርፒ 2 ጂን የጎደላቸው የፋልሲፓረም (አደገኛው የወባ ዝርያ) ጥገኞች ተገኝተዋል። ኤርትራ በዚሁ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2016 ኪቷን ቀይራለች፤ በኢትዮጵያም እነዚህ ጥገኞች በጥናት ተመዝግበዋል። እንዲህ ያለ ጥገኛ ደሙን ሞልቶትም የኤችአርፒ 2 መስመር ላይወጣ ይችላል። ስለዚህ የኪቱን ሳጥን አንብቡ፦ ፋልሲፓረምን የሚለየው በኤችአርፒ 2 ነው ወይስ ፒኤልዲኤች በተባለው ሌላ የጥገኛው ፕሮቲን? ፒኤልዲኤች የጂን መጥፋቱ አይነካውም፣ ጥገኛው ሲሞትም ቶሎ ይጠፋል። ጉድለቱ በአብዛኛው ሙቀት ላይ ደካማ መሆኑና ጥቂት ጥገኛ ሲኖር ሊስት መቻሉ ነው።

ብላድ ፊልም በደንብ ከተሠራ ዝርያውን ይለያል፣ ብዛቱን ይቆጥራል፣ ሕክምናን ይከታተላል፣ የትኩሳት ግርሻን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ቦሬሊያንም ያሳያል። «በደንብ ከተሠራ» የሚለው ግን ትልቅ ቅድመ ሁኔታ ነው። ቲክ ፊልም የሚባለው ወፍራሙ ጠብታ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ኖሮት፣ ሥሩ የተቀመጠ የታተመ ጽሑፍ እንደምንም የሚነበብበት ውፍረት ይበቃዋል። ከዚያ ከወፈረ ሲታጠብ ተላጦ ይሄዳል፤ ከሳሳ ደግሞ ጥቅሙን ያጣል። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ በራሱ ይድረቅ፤ በእሳት ወይም በፀሐይ ከደረቀ ቀይ የደም ሕዋሶቹ ይጠበሱና በቀለሙ ውስጥ አይሟሙም። ስሱ ፊልም ሕዋሶቹ እንዲጣበቁ በሜታኖል ይነከራል፣ ወፍራሙ ግን ሜታኖል አይንካው። ሁለቱ በአንድ ስላይድ ላይ ከሆኑ ስሱ ወደ ታች እንዲያዘነብል አድርጋችሁ ነው የምትነክሩት። ጊምዛው በፒኤች 7.2 ውኃ 10 በመቶ ሆኖ ሲበጠበጥ 10 ደቂቃ ገደማ፣ 3 በመቶ ሲሆን 45 ደቂቃ ገደማ ይቆያል። ፒኤቹ ከወረደ ቀለሙ ቀይ ይበዛበታል፣ ኒውክለሱና ሳይቶፕላዝሙ በውል አይለዩም።

ኔጌቲቭ ለማለት ቢያንስ 100 መስክ በዘይት ሌንስ መታየት አለበት። ወረፋ በበዛበት ላቦራቶሪ 20 መስክ ታይቶ ወረቀት የሚወጣበት ጊዜ እንዳለ መገመት አያስቸግርም። ብዛቱን ለማስላት በ200 ነጭ የደም ሕዋሳት መካከል የተቆጠረው ጥገኛ በ40 ይባዛል፤ ይህም በአንድ ማይክሮ ሊትር 8,000 ነጭ ሕዋስ አለ ከሚል ግምት የመጣ ነው። ጥርጣሬያችሁ ጠንክሮ ስላይዱ ኔጌቲቭ ከሆነ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ልዩነት ሁለት ጊዜ ይደገም።

አሁን ስለ ቦሬሊያ። ባክቴሪያው ከቀይ ሕዋሱ ውስጥ ሳይሆን በሕዋሶቹ መካከል የተጣለ፣ ሐምራዊ የሆነ፣ የተጠማዘዘ ቀጭን ክር ሆኖ ይታያል። የወባ ቀለበት ለመፈለግ የለመደ ዓይን ዝም ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ በመጠየቂያ ወረቀቱ ላይ «ለወባና ለቦሬሊያ» ብላችሁ ጻፉ፤ ይህች አንዲት ቃል ምርመራውን ትለውጠዋለች። ደሙም ትኩሳቱ ሲነሳ ይወሰድ። ታካሚው በላብ ከለቀቀው በኋላ ቦሬሊያው ከደም ውስጥ ስለሚጠፋ የዚያን ጊዜ ኔጌቲቭ አያስተማምንም።

ባጭሩ፦ ማይክሮስኮፕና የሚታመን ባለሙያ ካለ ብላድ ፊልም ምረጡ። ከሌለ አርዲቲ ሥሩ፤ ኔጌቲቭ ሆኖ ታካሚው ከቆላ የመጣና የከፋ ከሆነ ግን በአርዲቲው አትቁሙ።

ዊዳል ወይስ ብላድ ካልቸር?

ዊዳል የሚፈልገው ባክቴሪያውን አይደለም፤ ሰውነት ለሳልሞኔላ ኦ እና ኤች አንቲጅኖች ያዘጋጀውን አንቲቦዲ ነው። ይህ አንቲቦዲ በቀድሞ ሕመም፣ በክትባት፣ በሌሎች የሳልሞኔላ ዓይነቶች፣ አንዳንዴም በወባ ምክንያት ይገኛል። ታይፎይድ በሚዘወተርበት አካባቢ ጤነኛውም ሰው የተወሰነ መጠን ይኖረዋል። በሌላ በኩል በበሽታው የመጀመሪያ ሳምንት፣ ካልቸሩ የበለጠ በሚይዝበት ሰዓት፣ አንቲቦዲው ገና አልተሠራም። ትክክለኛው አሠራር ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ልዩነት ሁለት ናሙና ወስዶ የአራት እጥፍ ጭማሪ መፈለግ ነው። ያን ጊዜ ግን ታካሚው ወይ ድኗል ወይ ሌላ ሆስፒታል ገብቷል።

ለመለማመጃ ቁጥር እናስቀምጥ። ትኩሳት ካለባቸው 1,000 ሰዎች በእርግጥ ታይፎይድ ያለባቸው 50 ናቸው እንበል። ዊዳሉ ከታመሙት 70 በመቶውን ይይዛል፣ ካልታመሙት 80 በመቶውን ነፃ ይላል ብለንም እንገምት። ከ50ዎቹ 35ቱ ፖዘቲቭ ይሆናሉ፤ ከቀሩት 950 ውስጥ ደግሞ 190ው በሐሰት ፖዘቲቭ ይወጣሉ። ከ225 ፖዘቲቭ ወረቀቶች እውነተኞቹ 35 ብቻ ናቸው፤ ከስድስት አንድ አይሞላም። በስላይድ የሚሠራው ፈጣን ዊዳል ደግሞ ጊዜው አልፎ ጠብታው መድረቅ ሲጀምር የረጋ የሚመስል ቅንጣት ያሳያል፤ ያም በተራው «ፖዘቲቭ» ይባላል።

ብላድ ካልቸር ከታመሙት ከግማሽ ብዙም ያልበለጠውን ነው የሚይዘው። ጉድለቱ በአብዛኛው ከደሙ መጠን ይመጣል፦ በታይፎይድ ደም ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ጥቂት ነው። ለአዋቂ በአንድ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር፣ በሁለት ጠርሙስ ውሰዱ። ሦስት ሚሊ ሊትር ልኮ «ካልቸር ኔጌቲቭ» ማለት ራስን ማታለል ነው። ቆዳው በአልኮል ወይም በክሎርሄክሲዲን ከተጠረገ በኋላ ይድረቅ፣ የጠርሙሱ ክዳን ይጠረግ፣ ከዚያ ቦታውን በጣት አትንኩት። ጠርሙሱ ፍሪጅ ውስጥ አይገባም። ከአንቲባዮቲክ በፊት ይወሰድ። መልሱ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል፤ ዋጋው ግን ስም ብቻ አይደለም፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራም ይነግራችኋል። የመቅኔ ካልቸር ከሁሉም የተሻለ ይይዛል፣ አንቲባዮቲክ ከተጀመረም በኋላ ጭምር፤ የሚሠራው ግን ምክንያቱ ላልታወቀ፣ ለቆየ ትኩሳት ነው።

ካልቸር በሌለበት ጤና ጣቢያ ምን ይደረግ? ወባና ቦሬሊያ በብላድ ፊልም ካልተገኙ፣ ትኩሳቱ አምስት ቀንና ከዚያ በላይ ከሆነው፣ የሆድ ምልክት ካለ፣ ነጭ የደም ሕዋስ ከመብዛት ይልቅ መደበኛ ወይም ዝቅተኛ ከሆነ በክሊኒካዊ ጥርጣሬ ታይፎይድን ማከም ያስኬዳል። በካርዱ ላይ «ታይፎይድ ተጠርጥሮ» ብላችሁ ጻፉ እንጂ «ዊዳል ፖዘቲቭ» አትበሉ። ዊዳል ኔጌቲቭ ቢሆን ሕክምናውን ታቆሙ ነበር? ካላቆማችሁ ታካሚው ገንዘቡን ለምን ይከፍላል?

ዌል ፌሊክስ

ረጅም ነገር አያስፈልገውም። ለሪኬትሲያ (ለታይፈስ ባክቴሪያ) የተሠራው አንቲቦዲ ፕሮቲየስ የተባለውን ሌላ ባክቴሪያም በአጋጣሚ ስለሚይዝ የተፈጠረ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ምርመራ ነው። ብዙ ታማሚዎችን ይስታል፣ ብዙ ጤነኞችንም ይከሳል። የሚሻለው ምርመራ፣ አይኤፍኤ የሚባለው፣ ወይም ፒሲአር፣ በአብዛኞቹ ሆስፒታሎች አይገኝም። ስለዚህ ቅማል፣ ሽፍታና መደናገር ያለበትን ሰው ወረቀት ሳይጠብቁ በዶክሲሳይክሊን ማከም ይሻላል። ታይፈስ ከሆነ በ48 ሰዓት ገደማ ትኩሳቱ መውረድ ይጀምራል።

ወባ ከተገኘ

እዚህ ላይ ምርጫው በሦስት ጥያቄ ያልቃል፦ የከፋ ነው? የትኛው ዝርያ ነው? ታካሚዋ ነፍሰ ጡር ናት?

ያልከፋ ፋልሲፓረም በአርቴሜተር-ሉሜፋንትሪን፣ በተለምዶ ኮአርተም በሚባለው፣ ይታከማል። 20/120 ሚሊ ግራም ክኒን ከ5 ኪሎ ጀምሮ 15 ኪሎ ላልሞላ 1፣ ከ15 ጀምሮ 25 ላልሞላ 2፣ ከ25 ጀምሮ 35 ላልሞላ 3፣ 35 ኪሎና ከዚያ በላይ 4። ሁለተኛው መጠን ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ ጠዋትና ማታ፤ በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ፣ ለአዋቂ 24 ክኒን። ሉሜፋንትሪን ያለ ቅባት በደንብ አይሰርግም፤ ወተት ወይም ዘይት ያለው ወጥ ይበቃል። ጾም ላይ ያለ ታካሚ «ደረቅ እንጀራ በልቼ ወሰድኩ» ካለ የሽንብራ ወይም የለውዝ ነገር እንዲጨምርበት ንገሩት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካስታወከው መጠኑ ይደገማል። በመጨረሻም ወደ ትንኝ የሚተላለፈውን የጥገኛውን ደረጃ ለማጥፋት አንድ ጊዜ 0.25 ሚሊ ግራም በኪሎ ፕሪማኩይን ይሰጣል፤ ለነፍሰ ጡርና ከስድስት ወር በታች ሕፃን ግን አይሰጥም።

ቫይቫክስ በኢትዮጵያ አሁንም በክሎሮኩይን ይታከማል፦ ለአዋቂ 150 ሚሊ ግራም ቤዝ ያለው ክኒን 4፣ በማግስቱ 4፣ በሦስተኛው ቀን 2። ይህ የሚያጠፋው በደም ያለውን ነው። ጉበት ውስጥ የተደበቀውን የሚያጠፋው ፕሪማኩይን፣ 0.25 ሚሊ ግራም በኪሎ ለ14 ቀን ነው፤ ብዙ ሰው ትኩሳቱ ሲጠፋ በአምስተኛው ቀን የሚያቋርጠውም እሱን ነው። የጂ6ፒዲ (ቀይ ሕዋስን የሚጠብቅ ኢንዛይም) እጥረት ያለበት ሰው በፕሪማኩይን ቀይ ሕዋሱ ይፈርሳል። ምርመራው ካለ አስቀድማችሁ ሥሩ፤ ከሌለ «ሽንትህ እንደ ቡና ከጠቆረ ክኒኑን አቁመህ ና» ብላችሁ በቃል አስጠኑት። እጥረቱ ለተረጋገጠበት 0.75 ሚሊ ግራም በኪሎ በሳምንት አንድ ጊዜ ለ8 ሳምንት በቅርብ ክትትል ይሰጣል።

ዝርያውን ካልለያችሁ ኮአርተም ስጡ። ቫይቫክስን በኮአርተም ማከም ደሙን ያጸዳል፤ የሚቀረው የፕሪማኩይኑ ጉዳይ ነው። ፋልሲፓረምን በስህተት በክሎሮኩይን ማከም ግን ሰው ያስገድላል። ለነፍሰ ጡር ፋልሲፓረም ድሮ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ኩይኒን ብቻ ይባል ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በዚያ ወቅትም አርቴሜተር-ሉሜፋንትሪንን ይመክራል።

የከፋ ወባ አርቴሱኔት በደም ሥር ነው፣ ጥያቄ የለውም። መቀመጥ አለመቻል፣ ንቃት መቀነስ፣ በ24 ሰዓት ከሁለት በላይ መንቀጥቀጥ፣ የደም ስኳር ከ40 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች፣ የአዋቂ ሄሞግሎቢን ከ7 ግራም በዴሲ ሊትር በታች፣ የፋልሲፓረም ብዛት ከቀይ ሕዋሳት 10 በመቶ በላይ፤ ከነዚህ አንዱ ይበቃል። መጠኑ 2.4 ሚሊ ግራም በኪሎ፣ ከ20 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ 3 ሚሊ ግራም በኪሎ፤ በ0፣ በ12 እና በ24 ሰዓት፣ ከዚያ በየቀኑ። 60 ሚሊ ግራሙ ዱቄት መጀመሪያ በ1 ሚሊ ሊትር ባይካርቦኔት ተመትቶ ጥርት እስኪል ይጠበቃል፣ ከዚያ 5 ሚሊ ሊትር ሳላይን ወይም ግሉኮስ ይጨመርበታል፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ይሆናል። ለ50 ኪሎ ሰው 120 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 2 ብልቃጥ፣ 12 ሚሊ ሊትር። ተበጥብጦ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቀመጥ፣ እንደ ድሪፕም አይንጠልጠል። ቢያንስ ሦስት መጠን ከተሰጠ በኋላ መዋጥ ከቻለ ሙሉ የሦስት ቀን ኮአርተም ይከተላል፤ ይህን መርሳት የተለመደ ስህተት ነው። ከሳምንት በኋላ የሚመጣ የዘገየ የደም መፍረስ ስላለ ሄሞግሎቢኑ እስከ አራተኛው ሳምንት ይከታተሉት።

ኩይኒን አርቴሱኔት በሌለበት ተራው ይመጣል እንጂ እኩያው አይደለም። በአፍሪካ ሕፃናት ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ትልቅ ሙከራ አርቴሱኔት ከኩይኒን ጋር ሲነጻጸር ሞትን በ22.5 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ኩይኒን የደም ስኳርንም ያወርዳል፤ ራሱን የሳተ ታካሚ ላይ ይህ በወባው ሊሳበብ ይችላል።

ወባ ካልሆነስ? አንቲባዮቲኮቹ ሲወዳደሩ

ሴፍትሪያክሶን የተኛ ታካሚ ላይ ለታይፎይድ ጥሩ ምርጫ ነው፣ ለአዋቂ 2 ግራም በቀን ለ10 ቀን ገደማ። ቦሬሊያንም ይገድላል፤ ታይፈስን ግን ፈጽሞ አይነካም። በሴፍትሪያክሶን ሦስተኛ ቀኑን ይዞ እየተባባሰ የሚሄድ፣ የሚቀባዥር ታካሚ ሲታይ አስቀድሞ ወደ ሐሳብ መምጣት ያለበት ሪኬትሲያ ነው።

ዶክሲሳይክሊን ከዚህ ተቃራኒ ነው። 100 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ ታይፈስን ይፈውሳል፣ ቦሬሊያንም ያጠፋል። ታይፎይድን አይሸፍንም። ወባ ላይም ሥራው ዘገምተኛ ስለሆነ ብቻውን አይታመንም። ዋጋው ርካሽ መሆኑ ትልቅ ጥቅም ነው። በብዙ ውኃ ይወሰድ፣ ወዲያው አይተኛበት፤ ጉሮሮ ላይ ከቀረ ያቆስላል።

አዚትሮማይሲን ላልከፋ ታይፎይድ፣ በቤቱ ለሚታከም ሰው፣ ለአዋቂ በመጀመሪያው ቀን 1 ግራም ከዚያ 500 ሚሊ ግራም፣ በጠቅላላው ለ7 ቀን ይመረጣል። ለቅማል ታይፈስ በዶክሲሳይክሊን ቦታ አትተኩት።

ሲፕሮፍሎክሳሲን ድሮ የታይፎይድ አንደኛ ነበር። አሁን ካልቸሩ ይሠራል ብሎ ካላረጋገጠ አለመጀመር ይሻላል፤ ባክቴሪያው እየለመደው ነው። ሌላም ጣጣ አለው፦ የሳንባ ነቀርሳን ለጊዜው ያለዝበውና ምርመራውን ያዘገየዋል። ሦስት ሳምንት ላሳለው ሰው አክታ ሳይላክ ሲፕሮ መጻፍ ትልቅ ስህተት ነው።

ሁለቱን ማቀላቀል የሚገባው መቼ ነው? ታካሚው የከፋ፣ ቅማል ያለበት፣ ምርመራም የማይገኝበት ቦታ ከሆነ ሴፍትሪያክሶንና ዶክሲሳይክሊን አብረው ይሄዳሉ። ለሚራመድና ለሚበላ ሰው ግን ሁሉንም አንድ ላይ መጻፍ ምርመራ ሳይሆን ቁማር ነው።

ከድሬዳዋ ወይም ከአፋር ለመጣ ሰው ዴንጊን አትርሱ። በድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 ወረርሽኝ ተነስቷል። ኤንኤስ1 ምርመራ በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ይጠቅማል። ዴንጊ አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ያ የተለመደው የዲክሎፌናክ መርፌ አይሰጡም፤ ፓራሲታሞል ብቻ። አደገኛው ሰዓትም ትኩሳቱ ሲወርድ ነው፤ ፕሌትሌት እየወረደ ሄማቶክሪት ሲወጣ ፈሳሽ ከደም ሥር እየፈሰሰ ነው ማለት ነው።

የትኩሳት ግርሻ፦ መድኃኒቱ ቀላል፣ ሰዓቱ ከባድ

ኢትዮጵያ በቅማል የሚተላለፈው የትኩሳት ግርሻ አሁንም ከቀረባቸው ጥቂት አገሮች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ አውሮፓ በገቡ ከአፍሪካ ቀንድ የመጡ ስደተኞች ላይ ሲገኝ ብዙ ሐኪሞች አይተውት አያውቁም ነበር። ፈውሱ አንድ መጠን ብቻ ነው፦ ፕሮኬይን ፔኒሲሊን ከ400,000 እስከ 600,000 ዩኒት በጡንቻ፣ ወይም ዶክሲሳይክሊን 200 ሚሊ ግራም። ፔኒሲሊን ባክቴሪያውን በዝግታ ስለሚያጠፋ ባክቴሪያው ሲሞት የሚነሳው የሰውነት ምላሽ ይለዝባል፣ ግን ይረዝማል፣ ግርሻውም ይበዛል። ቴትራሳይክሊኖቹ፣ እንደ ዶክሲሳይክሊን ያሉት፣ ቶሎ ያጸዳሉ፣ ምላሹም ይከራል። ለነፍሰ ጡር ፔኒሲሊን ወይም ኤሪትሮማይሲን ምረጡ።

ያ ምላሽ፣ ያሪሽ-ሄርክስሃይመር የሚባለው፣ ከመድኃኒቱ በኋላ በአንድ እና በአራት ሰዓት መካከል ይመጣል። ኃይለኛ ብርድ፣ ትኩሳት መጨመር፣ ከዚያ የደም ግፊት መውደቅ። ታካሚ በመርፌው ምክንያት ሞተ የሚባለው በዚህ ሰዓት ነው። ስለዚህ መርፌው ከመወጋቱ በፊት ደም ሥር ይከፈት፣ ሳላይን ይዘጋጅ፣ ሰውየው ይተኛ። ከዚያ በኋላ ለአራት ሰዓት ያህል ግፊቱና ሙቀቱ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ልዩነት ይለካ። በተመላላሽ ክፍል ወግቶ «ሂድ» አይባልም፤ ሽንት ቤት ለመሄድ ሲነሳ ሊወድቅ ይችላል። ስቴሮይድ አያስቀረውም። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ፣ በአዲስ አበባ የተሠራ ጥናት ፀረ ቲኤንኤፍ አንቲቦዲ እንደሚቀንሰው ቢያሳይም በየክሊኒኩ የሚገኝ ነገር አይደለም።

ልብሱ ሳይታጠብ ታካሚው ከወጣ ሌላ ሰው ያመጣላችኋል። ከ60 ዲግሪ በላይ በሆነ ውኃ መቀቀል ወይም ስፌቱን በጋለ ካውያ መተኮስ ይበቃል። ጓንት አድርጉ፤ የተፈረከሰ ቅማል ቆዳችሁ ላይ ባለ ጭረት ወይም በዓይናችሁ ያስተላልፋል።

ትኩሳቱ አልወርድ ሲል

መድኃኒት ከመቀየራችሁ በፊት የየበሽታውን ፍጥነት አስቡ። የትኩሳት ግርሻ ምላሹ ካለፈ በኋላ በአንድ ቀን ውስጥ ይበርዳል። ታይፈስ በዶክሲሳይክሊን ሁለት ሦስት ቀን፣ ወባ በኮአርተም ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። ታይፎይድ ግን በትክክለኛ መድኃኒትም ከአራት እስከ ስድስት ቀን ይቆያል። በሦስተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ ሴፍትሪያክሶንን መቀየር በየዋርዱ የሚደጋገም ስህተት ነው። በታይፎይድ ሦስተኛ ሳምንት ድንገት ሆዱ የጠጠረ፣ የልቡ ምት የፈጠነ ታካሚ ላይ ደግሞ ችግሩ መድኃኒቱ ሳይሆን የተበሳ አንጀት ሊሆን ስለሚችል የሚጠራው ቀዶ ሐኪም ነው።

ሁለት ሳምንት ያለፈው ትኩሳት ዝርዝሩ ይለወጣል፦ ሳንባ ነቀርሳ፣ ኤች አይ ቪ፣ የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን፣ የጉበት መግል። ከመተማ ወይም ከሁመራ የመጣ፣ የከሳ፣ ጣፊያው እምብርቱ ድረስ የወረደ፣ ሦስቱም የደም ሕዋሶቹ የቀነሱ ወጣት ሲገጥማችሁ ካላዛርን አስቡና አርኬ39 የተባለውን የካላዛር ፈጣን ምርመራ ላኩ። ፖዘቲቭ ከሆነም ቀድሞ ታሞ እንደነበር ጠይቁ፤ ከዳነ በኋላም ፖዘቲቭ ሆኖ ይቆያልና፣ የተመላሽ ሕመም ማረጋገጫው ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ የሚወሰድ ናሙና ነው። ፕሌትሌቱ ከ40,000 በታች ከሆነ ጣፊያው አይወጋ። ኤች አይ ቪ ሳይመረመር ደግሞ ሕክምና አይጀመርም፦ ቫይረሱ ለሌለበት በምሥራቅ አፍሪካ የተለመደው የ17 ቀን ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን ሲሆን፣ ቫይረሱ ላለበት የሚመረጠው አምቢዞም (ላይፖሶማል አምፎቴሪሲን ቢ) ከሚልቴፎሲን ጋር ነው።